መጥረጊያ፣ ኖራና ጠጉር፦ የቤት ዕቃ ቀለም መቀቢያ ሲሆን

የቀለም መቀቢያ ሲባል ወደ አሳብ የሚመጣው ከሱቅ የሚገዛው ብሩሽ ቢሆንም፣ ስሙ በሥራው ሲተረጎም ፈሳሹን ከባልዲው አንሥቶ፣ ግድግዳው ዘንድ እስኪደርስ ሳያፈስ ይዞ፣ እዚያም በመጠን የሚለቅ ነገር ሁሉ መቀቢያ ነው። እንዲህ ከታየ ለወለል የተሠራው የሣር መጥረጊያ፣ ዕቃ የሚታጠብበት ስፖንጅና የጠጉር ማበጠሪያ ከዚሁ ወገን ይቆጠራሉ። በመጥረጊያ ቤት የሚቀባ ሰው ብሩሽ መግዣ እንዳጣ መገመቱ የተለመደ ነው፤ ግምቱ ግን ኖራ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል።

ኖራ በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ውሃ ሲጨመርበት ይግላል፣ ይፈላል፣ ከዚያም ይበርዳል፤ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። እርጥቡ ኖራ ብርቱ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ንጥረ ነገር ነው፤ ጠጉር የተሠራበትን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲንም ይበላል። ከደብረ ዘይት እልፍ ብላ በምትገኘው በሞጆ ያሉትን የመሰሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ጥሬውን ቆዳ ኖራ ውስጥ የሚዘፈዝፉት ጠጉሩ ከሥሩ እንዲላቀቅ ነው። የከብቱን ጠጉር የሚነቅል ኖራ የብሩሹን ጠጉር የሚምርበት ምክንያት ስለሌለ፣ ከእንስሳ ጠጉር የተሠራው ብሩሽ ልፍስፍስ ብሎ ይረግፋል፣ ርጋፊውም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የሣሩ ጭረት ግን በአመዛኙ ሴሉሎስ የተባለው የዕፀዋት አካል በመሆኑ አልካላዩን ይቋቋማል። በአሶሳ ዙሪያ በብዛት የሚበቅለው ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ ጭረቱ ቢለያይ በዚሁ ምክንያት ለኖራ ይስማማል። ሁለቱም የሚሠሩት ግን ግድግዳው አስቀድሞ ከረጠበና ኖራው ስስ ሆኖ ከተደራረበ ነው፤ የወፈረ ኖራ ይሰነጠቃል፣ ይራገፋልም። (ዓይንን ከፍንጣሪው መጠበቅ ግድ ነው፤ ኖራ ለዓይንም አይራራም።)

ወፍራምና ተጣባቂ የሆነው የዘይት ቀለም ሲመጣ መጥረጊያው ሽንፈቱን ይቀበላል፤ የሚተወው ቦይ ሳይጠፋ ይደርቃልና ለዚህ ጠጉሩ ይሻላል። ማበጠሪያው በአንጻሩ ቦይ ለማውጣት ይፈለጋል፦ በደረቀ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ተቀብቶ ሳይደርቅ ሲበጠር የታችኛው በመስመር በመስመር ይታያል።

ለሌላ ሥራ ተሠርቶ ለቀለም የዋለው የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በየጋራዡ የሚሠራበት የቀለም መርጫም ዘሩ ከሐኪም ቤት ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለጉሮሮ መድኃኒት የሠራውን መርጫ ልጁ ቶማስ ለቀለም አዋለው። ሠዓሊው ጃክሰን ፖሎክ ደግሞ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸራውን ወለል ላይ ዘርግቶ በእንጨትና በደረቀ ብሩሽ ቀለም ሲያንጠባጥብ፣ መሣሪያው ሸራውን መንካቱ ራሱ ቀረ።

የደብረ ዘይቱ ሠዓሊ ለማ ጉያ (1928–2020 እ.ኤ.አ.) የቤት ዕቃውን ከሌላው ጫፍ ያዘው። ለመኝታና ለመቀመጫ የሚነጠፈው ቁርበት መቀቢያ ሳይሆን ተቀቢ ሆነ፤ ሠዓሊው ይበልጥ የታወቀውም በፍየል ቆዳ ላይ በሣላቸው ሥዕሎች ነው። ቆዳ እንደ ሸራ ወጥ አይደለም፤ ጀርባው ላይ ይወፍራል፣ ወደ ሆዱ ይሳሳል፣ እርጥበት አግኝቶ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ የተስማማው የቀለም መጠን ሆዱ ላይ ሲደርስ ሊበዛ ይችላል።