ስለ ኢንፍራሬድ ሪሞት ኮንትሮልና ስለ ምስልና ድምፅ ማቀያየሪያዎች የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በመደርደሪያ የተቀመጠ ማቀያየሪያና በእጅ የምትያዝ አንዲት ሪሞት ኮንትሮል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ዘመኔ ካፈርሁባቸው ቀኖች አንዱ ከዚሁ የመጣ ስለ ሆነ ከዚያ ልጀምር።

በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሁለት ማቀያየሪያዎች ጎን ለጎን ተክዬ ነበር። አንደኛው ምስሉን ወደ አዳራሹ ትልቅ መጋረጃ፣ ሁለተኛው ወደ አስተርጓሚዎች ክፍል ይልካል። ተናጋሪው ሰንጠረዡን በማስረዳት ላይ ሳለ አስተርጓሚዎቹ የመድረኩን ካሜራ ጠየቁኝ። ቁልፉን ተጫንሁ። ወዲያው ሰንጠረዡ ከትልቁ መጋረጃ ጠፋና በምትኩ ሰብሳቢው ሲያዛጉ ታዩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ተናጋሪው ግን አልሳቁም። መሣሪያዎቹ አልተሳሳቱም፤ አንዱን ትእዛዝ ሁለቱም ሰምተው ፈጸሙት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሪሞቱ የሚልከው ዓይናችን የማያየው ብርሃን ሲሆን፣ የሞገዱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 940 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ተቀባዩ ከፀሐይና ከመብራት ብርሃን እንዲለየው በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ኤን ኢ ሲ በተባለው የታወቀ ሥርዓት በመጀመሪያ የ9 ሚሊ ሰከንድ ብልጭታ፣ ቀጥሎ የ4.5 ሚሊ ሰከንድ ጸጥታ፣ ከዚያም አድራሻውና ትእዛዙ እያንዳንዳቸው ከተገላቢጦሻቸው ጋር ይላካሉ። ሆኖም ይህ አድራሻ በተለምዶ የመሣሪያውን ዓይነት እንጂ ይህኛውን ከዚያኛው ለይቶ አይጠራም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ማቀያየሪያ የራሱን ትንሽ አመንጪ በሽቦ አምጥቶ በተቀባዩ መስኮት ላይ መለጠፍ፣ ከዚያም ብርሃን እንዳያሾልክ መሸፈን ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሞኛለን፤ ለዓይን ጥቁር የሆነ ፕላስቲክ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም። የተቀባዮች መስኮት ራሱ የሚሠራው ኢንፍራሬድን ከሚያሳልፍ ጥቁር መሰል ፕላስቲክ ነው። እኔ በአመንጪው ጀርባ የአሉሚኒየም ወረቀት አድርጌ በላዩ ፕላስተር እለጥፋለሁ። አመንጪው መሥራቱን ለማወቅ በስልክ ካሜራ ማየት ይበቃል፤ ብልጭታው ነጣ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ስልኮች ግን ኢንፍራሬድን የሚያግድ ማጣሪያ ስላላቸው ምንም ባይታይ በፊት ለፊቱ ካሜራ መሞከር ያሻል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ኢንፍራሬድ ይናገራል እንጂ መልስ አይሰማም። ስለዚህ «ወደሚቀጥለው መግቢያ እለፍ» የሚለውን ቁልፍ ለተቆጣጣሪው ማስተማር ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንድ ብልጭታ ከጠፋ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። «መግቢያ 3» ብሎ በቀጥታ የሚያዝ ቁልፍ ግን አሥር ጊዜ ቢደጋገም ውጤቱ አንድ ነው። የኃይል ቁልፍም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቁልፍ የሚያበራም የሚያጠፋም ከሆነ፣ የበራውን ፕሮጀክተር እናበራለን ብለን እናጠፋዋለን። በሪሞቱ ላይ ባይታዩም ለማብራትና ለማጥፋት የተለያዩ ኮዶች ያሏቸው መሣሪያዎች ስላሉ፣ የአምራቹን የኮድ ሰንጠረዥ መመልከት ይገባል።

ማቀያየሪያው መልስ የሚሰጥ የአር ኤስ 232 መስመር ካለው እኔ ያንን አስቀድማለሁ። በዚያ አዳራሽ የነበሩት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ስብሰባው በተበተነ ማታ አመንጪዎቹን ለጥፌ፣ መስኮቶቹን ሸፍኜ፣ አንዱን እያዘዝሁ ሌላው ዝም ማለቱን እስካረጋግጥ ድረስ እዚያው አመሸሁ።