ከማሳ እስከ እህል በረንዳ፤ የነገው ቀለብና የመሐንዲሱ ድርሻ



የአገር ቀለብ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አሳብ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ማሳ ይሄዳል። ስለ ዝናም፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ በሬ ይነገራል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እህል ከታጨደ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ከማሳው ያላነሰ ነገር እንደሚወስን የሚያስተምር አንድ ስፍራ በአዲስ ከተማ አለ፤ ይኸውም የመርካቶው እህል በረንዳ ነው።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተቆረቆረ ሲሆን፣ ስሙም ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። በውስጡ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱን ተራ ሲይዝ እህልም በረንዳውን ያዘ። ከጎጃም የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ ከአርሲ፣ ከአድኣና ከወለጋ በጭነት መኪና የመጣው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ሲራገፍ ኖሯል። ደላላው ጆንያውን ወግቶ በመዳፉ ላይ የፈሰሰውን ጤፍ ይመለከታል፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ ወይም ቀይ መሆኑን፣ አፈርና እርጥበት እንዳለበትም ይለያል፤ ከዚያም ዋጋ ይቆርጣል። የሩቅ አገር ነጋዴ ገዢውን ሳያይ ጭነቱን የሚልከው ይህንኑ ደላላ አምኖ ነው። የተቆረጠው ዋጋ በስልክ ወደየአገሩ ይደርሳል፤ ለገበሬው የሚከፈለውም በዚሁ መጠን ይወሰናል።

ገበያ የሚሰጠው የመጀመሪያው ትምህርት መራራ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲመታ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በእጅጉ አልወደቀም ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በዚያው የረኀብ ወቅት ከደሴ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋበት ያጣው የሚበላውን ብቻ አልነበረም፤ መግዣውንም ጭምር እንጂ። እህል የሚሄደው ደግሞ ወደ ራበው ሳይሆን ወደሚከፍለው ነው። መንገዱ ነበረ፤ መኪናውም ነበረ፤ ጭነቱ ግን ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ነገሩን በትእዛዝ ለማረም ተሞከረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ኮታ እየጣለ እህል ሰበሰበ፤ ነጋዴው ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል እንዳያሻግር በኬላ ተገታ። የ1977 ዓ.ም. እልቂት የደረሰው ይህ ሥርዐት ባለበት ነው፤ ኮታውም እስከ መጋቢት 1982 ዓ.ም. ቆየ። እንግዲህ ገበያው ብቻውን የራበውን አላየም፤ ኬላውም አላጠገበውም።

የሚመጣው ዘመን ከዚህ ይከብዳል። በግንቦት 1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ያህል የነበረው ሕዝብ፣ ዛሬ ያለ ኤርትራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የአገሪቱ አማካይ ሙቀት ካለፈው ምእት ዓመት አጋማሽ ወዲህ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ፤ ክረምቱም በኤልኒኞ ምክንያት ደከመ፤ በማግሥቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ።

ሙቀቱ በማሳ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ጎተራም ይገባል። ነቀዝ ከ15 ዲግሪ በታች እምብዛም አይራባም፤ ወደ 30 ዲግሪ በተጠጋ ጊዜ ግን በ5 ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ይተካል። የደጋው ሰው ያለ ዋጋ ያገኘው ብርድ ሲቀንስ፣ በቆላ የታወቀው ጥፋት ወደ ወይና ደጋ ይወጣል። በአጨዳ ሰሞን ያለ ጊዜው የሚወርድ ዝናምም አለ፤ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ በላይ ሆኖ የተከተተ በቆሎ ይሻግታል። ጤፍ ከፍሬው ማነስ የተነሣ ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም፤ የድኻውን ቤት የሚሸፍነው ግን በቆሎና ማሽላ ነው።

ነቀዝን የፈራና የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ፣ እህሉን በታኅሣሥና በጥር ዋጋ በወደቀ ጊዜ ይሸጣል፤ በሐምሌና በነሐሴም ዋጋ ሲወጣ ከገበያ ይሸምታል። ስለዚህ ጎተራ የእህል ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው የመደራደር ኀይል ነው። በወሎ የጠፋውም ይኸው ኀይል ነበር።

ለመሐንዲሱ የሚቀርበው ሥራ ከዚህ ይነሣል። አንደኛው ማድረቅና አየር ማሳጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ የተፈለሰፈው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ መርዝ አፍኖ ይገድላል፤ የሚሠራው ግን እህሉ አስቀድሞ ደርቆ እንደ ሆነ ነው። ርካሽ ማድረቂያና የእርጥበት መለኪያ በቀበሌ ደረጃ ሊገኙ ይገባል። ሁለተኛው መጋዘን ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እህልን መዝኖ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ በመጋዘን ደረሰኝ ማገበያየትን አስተማረ፤ ይሁንና ዋና ሥራው ወደ ቡናና ሰሊጥ አዘነበለ። ደረሰኙን ለበቆሎ ገበሬ ማድረስ ገና የሚጠብቅ ሥራ ነው። ሦስተኛው መጠባበቂያውን ከችግሩ አስቀድሞ ችግር ወደሚደጋገምበት ወረዳ ማቅረብ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ስንዴ የጫኑ መርከቦች በጅቡቲ ወደብ ተራ ሲጠብቁ መሰንበታቸው ይታወሳል።

እነዚህ ሁሉ ቢሟሉ እንኳ መግዣ የሌለው ሰው ይራባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በእርከንና በመንገድ ሥራ ለተሠማራው ችግረኛ በገንዘብ ወይም በእህል መክፈሉ ለዚህ ነው። ገንዘቡ በወረዳው ሲኖር፣ መጋዘኑ ሲቀርብና መንገዱ ክረምትም በጋም ሲያስኬድ፣ ከደሴ የወጣው ዐይነት ጭነት ፊቱን ይመልሳል።

የሙያው ክብር ብዙውን ጊዜ ለግድብና ለድልድይ ይሰጣል፤ ለጎተራ የቆመ ሐውልት አይታይም። ሆኖም ዮሴፍ ግብፅን ሰባቱን የረኀብ ዓመታት ያሻገረው ዝናም በማዝነም አልነበረም፤ በጥጋብ ዘመን የተረፈውን በማኖር ነው እንጂ። ሰማዩን ማዘዝ ለመሐንዲስ አልተሰጠውም፤ ከሰማይ የተገኘው እህል ነቀዝ ሳይበላው ወደ ራበው ደጅ እንዲደርስ ማድረግ ግን በእጁ ነው።