ሪህ የወንዶች ብቻ ነው ያለው ማነው?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ሪህ ነው ስንል ከኋላ ወንበር «እሱማ የወንዶች ነው፤ ቁርጥና ቢራ ያመጣው ነው» የሚል ሳቅ ተሰማ። ግማሹ እውነት ነው። ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ ቢራም ጭምር በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋሉ። እኛን ግን እስካሁን የጠበቀን ጨዋነታችን አይደለም፤ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ኩላሊት አሲዱን በሽንት እንዲያስወጣ ያግዛል። የወር አበባ ሲቆም ዘበኛውም ይሄዳል። በዚያ ላይ አንዳንዶቻችን ለደም ግፊት የምንወስደው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን አሲዱን ያስቀረዋል። (ኪኒኑን በራሳችን አናቋርጥም፤ ለሐኪሙ እንነግራለን።) ስለዚህ የእግራችን አውራ ጣት በሌሊት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ነጠላ ሲነካው እንኳ ሲያስጮኸን «ብርድ ነው» ብለን ቅባት ቀብተን አንተኛ።

መድኃኒቱን በምድጃ ቋንቋ እንናገረው። እሳት የሚያጠፋ አለ፤ ማገዶ የሚቀንስ አለ። ኮልቺሲንና ዳይክሎፌናክ እሳት ያጠፋሉ። ኮልቺሲን ከአበባ የተገኘ ጥንታዊ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ግን መርዝ ነው። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ እኛ ግን ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ እንገዛዋለን።

ማገዶ የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ነው። ከሠሩት አንዷ አሜሪካዊቷ ጌርትሩድ ኤልየን ናት። ሴት በመሆኗ ላቦራቶሪዎች ሥራ ከልክለዋት ነበር፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። እዚህ ላይ ማጨብጨብ ይቻላል!

ችግሩ ኪኒኑ ሕመም በሌለበት ቀንም በየቀኑ መዋጥ ያለበት መሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ሊነሳ ይችላል፤ የተከማቸው ሲሟሟ ነው። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ራሱ አመመኝ» ብሎ የሚጥለው ያኔ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ ለጊዜው ትንሽ ኮልቺሲን የሚጨምርበት። መጠኑም በአንዴ አይወሰንም፤ የዩሪክ አሲዱ ልክ ከ6 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ደም እየታየ ከፍ ይላል። ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ኪኒኑን አቁመን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንሂድ፤ ይህ ቀልድ የለውም።

ድፎ ዳቦ እንካፈላለን፣ ጤና አዳምም እንቀጣጠፋለን። የተረፈ ኪኒን ግን ከጎረቤት ተቀብለን አንውጥ፤ የእሷ ኩላሊት የእኛ አይደለም።

ጥያቄ ያላችሁ ቡናው እስኪቀዳ ጠይቁን። ቡና ለሪህ አይከለከልም።