ስደተኛን የሚቀበል ጎረቤት



ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ያስጠለለች አገር ናት። በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣባት ግን የራስዋ ሕዝብ ተሰደደ።

ጎረቤቶችዋ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ግብፅ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ያለ ቪዛ ታስገባ ነበር። በሰኔ 2023 ግን የሐሰት ቪዛ በዝቷል ብላ ሁሉም ቪዛ እንዲይዙ አዘዘች። ሽሽቱ አልቆመም፤ ብዙዎች ለደላላ ከፍለው በበረሃ ገቡ።

ቻድ ከግብፅ እጅግ የደኸየች ናት። ከ2003 ጀምሮ የመጡት የዳርፉር ስደተኞች ገና በእጅዋ ሳሉ በአድሬ በኩል የሸሹትን ተቀበለች። እስከ 2024 አጋማሽ ከ500,000 በላይ አዲስ ስደተኞች ገቡ። በድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያለው የማሳሊት ሕዝብ ዘመዳሞች ናቸውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን የሱዳን መንግሥት ቻድን ለተፋላሚው ኃይል መሣሪያ ታሳልፋለች ብሎ ከሷታል፤ እርስዋም ክዳለች። እንግዲህ እንግዳ መቀበልና ፖለቲካ በአንድ ቤት ሊያድሩ ይችላሉ፤ እኛም በሩን የከፈተውን ሁሉ ቅዱስ አንለውም።

በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነት መስጠት እንደ ጠላትነት እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ሸክም የከበደበት አገርም ሌሎችን እንዲጠራ ይፈቅዳል። ይህ ሁለተኛው ቃል እምብዛም አይታሰብም። ስለዚህ ለስደተኛው ጉድጓድ ውኃ በጀት ስትይዙ፣ ከድሮም ውኃ ያጠረው የአካባቢው መንደር ከዚያው እንዲቀዳ አብራችሁ አስቡ።