መብራት ሲጠፋ ወንበሩ ምን ያደርጋል?

በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር



መርሐ ግብሩ ላይ «የኩላሊት እጥበት» የሚል ቃል አይታችሁ ስለ ክሪያቲኒን ልሰብካችሁ የመጣሁ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አይዟችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ወንበር ነው፤ በሞተር ስለሚንጋለል ወንበር። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ያሉ አባሎቻችን ለኩላሊት እጥበት ክፍሎች የሚሆኑ ወንበሮችን ገዝተው፣ ወይም እዚያ ያሉ ሆስፒታሎች አሮጌውን ሲቀይሩ ተቀብለው ሊልኩልን አስበዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልን። እኔ ግን እጥበት ክፍል ውስጥ የምውል ሐኪም ነኝና፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ወንበሩን ገልብጠን ሆዱን እንድናይ እፈልጋለሁ። መቼም ሆድ ሳንነካ መድኃኒት እንዳንጽፍ ነው የተማርነው፣ አይደል?

መጀመሪያ፣ ወንበሩ ለምን ያስፈልጋል? ሕመምተኛው ለአንድ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። በእነዚህ ሰዓታት በብዛት የምናየው ድንገተኛ ችግር የደም ግፊት መውረድ ነው። ማሽኑ ከደም ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ከሰውነት ወደ ደም ሥር የሚመለሰው ውኃ ካልደረሰለት ግፊቱ ይወርዳል። ሕመምተኛው ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ ከዚያ «ዶክተርዬ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» ይላል። ያን ጊዜ የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። ውኃ መሳቡን እናቆማለን፣ ሳላይን እንሰጣለን፣ ሰውዬውን አስተኝተን እግሩን ከፍ እናደርጋለን። ይህ ሦስተኛው የወንበሩ ሥራ ነው። ስለዚህ ወንበሩን እንደ ቤት ዕቃ ሳይሆን እንደ ሕክምና መሣሪያ ልንመረምረው ይገባል።

የሚንጋለል ወንበር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ ሞንሮ በምትባል ከተማ፣ ኤድዋርድ ክናቡሽና ኤድዊን ሹሜከር የተባሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ለበረንዳ የሚሆን፣ ከእንጨት የተሠራ የሚንጋለል ወንበር ሠሩ። ላ-ዚ-ቦይ የተባለው ኩባንያ ከእነሱ ሥራ የተነሣ ነው። ያ ወንበር ሞተር አልነበረውም። ዛሬ ሞተር የተገጠመላቸውም ቢሆኑ ከሽፋኑ ሥር አጥንታቸው ተመሳሳይ ነው፤ በፒን የተያያዙ የብረት ዘንጎች ናቸው። ዘንጎቹ በልክ ስለተያያዙ አንዱን ስትገፉት ሌሎቹ የት እንደሚሄዱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አንድ ሞተር ያለው ወንበር መደገፊያውንና የእግር ማሳረፊያውን አብሮ ያንቀሳቅሳል። ሁለት ሞተር ያለው ለየብቻ ያንቀሳቅሳቸዋል። ለሕክምና የተሠራው ደግሞ መቀመጫውን ራሱን ወደ ኋላ የሚያጋድል ተጨማሪ ሞተር ይኖረዋል፤ ጭንቅላት ዝቅ፣ እግር ከፍ የሚለው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንሂድ። ከወንበሩ ሥር የምታዩት ቱቦ መሳይ ነገር አክቹዌተር ይባላል። ብትከፍቱት አራት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ትንሽ ሞተር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ቮልት ዲሲ ይሠራል። ሁለተኛው የሞተሩን ፈጣን ዙር አዘግይቶ ጉልበት የሚጨምር ማርሽ ነው። ሦስተኛው ረጅም ብሎን፣ አራተኛው በብሎኑ ላይ የሚጓዝ ዳዶ ነው። ዳዶው እንዳይሽከረከር ተይዟል፤ ስለዚህ ብሎኑ ሲዞር ዳዶው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ዳዶው ቱቦውን ይገፋል፣ ቱቦው ዘንጉን፣ ዘንጉ መደገፊያውን። በመንገድ ላይ ጎማ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ በብሎን የሚሠራውን ክሪክ አስታውሱ። ነገሩ ያው ነው።

ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል? እስቲ አብረን እናስላ። ሕመምተኛው 70 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከዳሌ በላይ ያለው አካል፣ ጭንቅላቱና እጆቹ ተጨምረው፣ ከሙሉ ክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ 47 ኪሎ ማለት ነው። የዚህ ክብደት መሐል ከወንበሩ ማጠፊያ 35 ሴንቲሜትር ይርቃል እንበል። አክቹዌተሩ የሚገፋው ግን ከማጠፊያው 8 ሴንቲሜትር ላይ ነው። 47ን በ35 አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉ ከ200 ኪሎ በላይ ይመጣል። የአናቶሚ መምህሮቻችን ይህን በባይሴፕስ አስተምረውናል። ጡንቻው የሚያያዘው ለክርን ቅርብ ስለሆነ በመዳፋችን የያዝነውን ክብደት ብዙ እጥፍ መጎተት አለበት። ወንበሩም እንደዚያው ነው። ከባዱ ጊዜ ደግሞ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ መነሣት ሲጀምር ነው።

ከ200 ኪሎ በላይ ኃይል ከአንዲት ትንሽ ሞተር የሚገኘው በፍጥነት ተለውጦ ነው። ዳዶው በሰከንድ 10 ሚሊሜትር ቢጓዝ 20 ሴንቲሜትር ለመጨረስ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ፍጥነት ክብደቱን የሚያነሣው ኃይል 20 ዋት ያህል ብቻ ነው። በማርሹና በብሎኑ ፍትጊያ ከግማሽ በላይ ይባክናል ብለን 50 ዋት ብንሰጠው እንኳ፣ ከአንድ የድሮ አምፖል አይበልጥም። ርካሽ፣ ጸጥ ያለ፣ ጠንካራ። ለዚህ ነው ሁሉም የሚጠቀሙበት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ያ ፍትጊያ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። የብሎኑ ጥርስ ተዳፋት በጣም ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ ዳዶው ከላይ ክብደት ቢጫነውም በዚያ ተዳፋት ላይ ወደ ኋላ ሊንሸራተት አይችልም። ሞተሩ ሲቆም ወንበሩ ባለበት ይቆማል፤ ፍሬን አያስፈልገውም። መደገፊያው ከሕመምተኛው ጀርባ ሥር ድንገት የማይወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ ከሌለ አራት ጎልማሳ ተባብሮ ቢጫነው እንኳ አይወርድም። የሚያድነውና የሚያስረው ያው አንዱ ብሎን ነው።

ይህን ያየሁበትን አንድ ቀን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ ይቅር። አንድ ጋሼ፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው፣ በእጥበት ሦስተኛ ሰዓታቸው ላይ ግፊታቸው 70 በ40 ገባ። በዚያችው ቅጽበት መብራት ሄደ። የእጥበት ማሽኑ የራሱ ባትሪ ስላለው ደሙን ማዞር አላቋረጠም፤ ወንበሩ ግን ባትሪ የለውም፣ በእጅ የሚለቀቅበት እጀታም የለውም። ሲስተር ሪሞቱን ደጋግማ ተጫነች፤ ዝም። ጋሼ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ዓይናቸው ተገለበጠ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አልጠበቅንም። አንዷ ነርስ መርፌ የገባበትን ክንዳቸውን ይዛ፣ እኔና ሁለት አስታማሚዎች በአንሶላ አንሥተን ወለል ላይ አስተኛናቸው። ሳላይን ገባላቸው፣ ነቁ፣ ደኅና ሆኑ። በኋላ የጥገና ባለሙያው ወንበሩን ሲመረምረው ምንም ብልሽት አላገኘበትም። የተሠራውን ያህል ነው የሠራው። መብራት ለማይጠፋበት ቤት የተሠራ ወንበር ነበር።

መፍትሔው አለ፣ ደግሞም የታወቀ ነው። አንደኛው ዓይነት እጀታ ሲጎተት ዳዶውን ወይም ማርሹን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ነው፤ መደገፊያው በሕመምተኛው ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ልብ ቆሞ ደረት መጫን ሲያስፈልግም የሚያድነን ይኸው እጀታ ነው፤ 20 ሰከንድ ሞተር እየጠበቁ መቆም አይቻልም። ሁለተኛው የመጠባበቂያ ባትሪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ይሆናል። የቤት ወንበሮች ግን በሁለት ትንንሽ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ተደርገው ይሠራሉ። እሱ ለእኛ አይበቃንም። ሦስተኛው ጭራሽ ሞተር የሌለው፣ በጋዝ ግፊት የሚሠራ ነው፤ እጀታውን ስትጫኑት ይለቃል፣ ስትተዉት ይይዛል።

አንድ ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። የወንበሩ ማጠፊያና የሰውዬው የዳሌ መገጣጠሚያ አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ስለዚህ መደገፊያው ሲወርድና ሲነሣ ጨርቁ በጀርባ ላይ ይንሸራተታል፤ ሸሚዝ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ለቀጫጫና ለአረጋዊ ሕመምተኛ ይህ የቂጥ አጥንት ላይ ያለውን ቆዳ መጎተት ነው፤ የመኝታ ቁስል መነሻ ይሆናል። ክንድ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። የእጅ ማሳረፊያው ከመደገፊያው ጋር አብሮ ካልሄደ ትከሻ ሲርቅ ቱቦው ይሳባል። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊሊትር ያህል ደም ያዞራል። ደም የሚመልሰው መርፌ ሳይታወቅ ቢወልቅ በስንት ደቂቃ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

ስለ ኤሌክትሪኩም። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነን። አዲሶቹ ወንበሮች የኃይል ሳጥናቸው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ካላቸው ችግር የለም፤ ሶኬቱን መቀየር ይበቃል። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን እኛ ግድግዳ ላይ በተሰካ ቀን ይቃጠላል። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ብንገዛለት እንኳ ኸርዙን አይለውጠውም፤ ለ60 የተሠራ የብረት ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል። እዚያው ጽሑፍ ላይ «2 ደቂቃ/18 ደቂቃ» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ሁለት ደቂቃ ከሠራ 18 ደቂቃ ይረፍ ማለት ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሕመምተኛ በሚፈራረቅበት ክፍል ይህም ይታሰብበት። ደግሞ የሊድ ባትሪ ሳይሞላ ወራት ከቆየ ይሞታል፤ በኮንቴይነር ባሕር አቋርጦ፣ ጉምሩክ ሰንብቶ ሲደርስ አዲስ ባትሪ ከዚህ መግዛት ሊኖርብን ነው። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው በበጀቱ ይግባ።

«ታዲያ ሞተሩ ለምን ያስፈልገናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሞተር ያለው ወንበር ሕመምተኛው ማንንም ሳይጠራ ራሱን እንዲያስተካክል ያስችለዋል፤ የነርሶቻችንንም ወገብ ያተርፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እጀታ የሌለው ባለ ሞተርና በጋዝ የሚሠራ ተራ ወንበር ፊቴ ቢቀርቡ፣ ያለ ማመንታት ተራውን እመርጣለሁ። ገንዘቡ ከፈቀደ ሁለቱንም ያሟላ እንግዛ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሕክምና መሣሪያ ልገሳ ባወጣው መመሪያ ላይ ተቀባዩ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይናገር ይላል። እኔም እንደ ተቀባይ እየተናገርኩ ነው። ውጭ ያላችሁ እህትና ወንድሞቼ፣ ወንበሩ ኮንቴይነር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር አድርጉልን። አንደኛ፣ የኃይል ሳጥኑንና የአክቹዌተሩን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለባዮሜዲካል ባለሙያዎቻችን ላኩ፤ የመለዋወጫው ቁጥር እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የጥገና መጽሐፉን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ አንድ ወፈር ያለ ጓደኛችሁን አስቀምጡበትና ሶኬቱን ንቀሉ። ከዚያ አንድ ሰው ብቻውን፣ በስንት ሰከንድ ሊያስተኛው እንደቻለ በሰዓት ለኩና ጻፉልን። ካልቻለ ወንበሩን እዚያው ተዉት፤ አንቀየማችሁም።

 ጥያቄ ያለው ሻይ ላይ ያግኘኝ።