የተረሳ ቀጠሮና የማይረሳ መዝገብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር ሲጠይቀኝ የጠበቀው ስለ ድልድይ ምርመራ አንድ ነገር እንድል ነበር። ሥራዬ እሱ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሌላ ርእስ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ይኸውም በአሜሪካ የገጠር ካውንቲ ውስጥ በስማችን ወጥቶ እኛ ሳናውቀው ለዓመታት የሚኖር የመያዣ ትእዛዝ እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚነሣ ነው። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የምናገረው በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን በሥራ ምክንያት ከካውንቲ ወደ ካውንቲ የሚዞረው ሰው ጥቂት ስላልሆነ፣ ነገሩ የአንድ ሰው የግል ገመና ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። ቤንች ዋራንት የሚባለው ዳኛ በችሎት ወንበሩ ላይ እንዳለ የሚሰጠው የመያዣ ትእዛዝ ነው። በአገራችን ችሎት «ተይዞ ይቅረብ» ሲባል የምናውቀው ዓይነት ነው። ተራው የመያዣ ትእዛዝ የሚወጣው ፖሊስ ወንጀል ስለ መፈጸሙ በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህኛው ግን ሰውየው በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበ ወይም የታዘዘውን፣ ለምሳሌ መቀጮ መክፈልን፣ ስላልፈጸመ ዳኛው ራሱ የሚያወጣው ነው። ከዚህ የተነሣ መነሻው እጅግ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው በጊዜ ብዛት አይሰረዝም፤ ዳኛ እስኪያነሣው ድረስ ይጠብቃል።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና በመጀመሪያው ሥራዬ ላይ ሳለሁ፣ ከአንድ ድልድይ ምርመራ ስመለስ የፍጥነት ወሰኑ ከ55 ማይል ወደ 35 ማይል በድንገት በሚወርድበት የአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ቡናማ ልብስ የለበሰ ፖሊስ አስቆመኝ። የክሱን ወረቀት ጽፎ «ፈርም» አለኝ። መፈረም ጥፋትን ማመን መስሎኝ አመነታሁ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ፊርማው «በተባለው ቀን ፍርድ ቤት እቀርባለሁ ወይም ጉዳዩን እጨርሳለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ብቻ ነበር። እኔም ቃል ኪዳኑን አፈረስሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ በሁለት ወር ውስጥ መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌላ ስቴት አዛወረኝ፣ ወረቀቱ ከሥዕልና ከደረሰኝ ጋር ተደባልቆ ጠፋ፣ ፍርድ ቤቱ የላከው ማስጠንቀቂያም ወደ ቀድሞው አድራሻዬ ሄዶ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም።

በመካከሉ አባቴ ከደብረ ማርቆስ ሊጠይቁኝ መጥተው በዚያው አውራ ጎዳና ይዣቸው ተጓዝሁ። አባቴ በወጣትነታቸው ስለ መሬት ክርክር ለአንድ ቀን ቀጠሮ ሁለት ቀን በእግር የተጓዙ ሰው ናቸው። ያን ዕለት በአንድ ተራ ምክንያት ብንቆም ኖሮ እኔ በካቴና ታስሬ ስወሰድ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁት አባቴ በማያውቁት አገር የመንገድ ዳር ብቻቸውን ይቀሩ ነበር። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ነገሩን ያነሣብኝ የፕሮፌሽናል ኢንጂነር ፈቃድ ማመልከቻ ነው። ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ እልባት ያላገኘ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለህ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ብዕሬን አንሥቼ «የለም» ልል ስል ያ ቡናማ ልብስ ትዝ አለኝ። ሐሰት ጽፎ መፈረም ከመጀመሪያው ጥፋት የከፋ ነውና ቅጹን ወደ ጎን አድርጌ ፍለጋ ጀመርሁ።

እንደ ኢንጂነር በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ ኮምፒዩተር ነው። የስቴቱ የፍርድ ቤቶች መፈለጊያ ላይ ስሜን ጻፍሁ፤ ምንም አልመጣም። አንድ ሳምንት ሙሉ በሰላም ተኛሁ። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ዘንግቼ ነበር። አንደኛው፣ በገጠር ያሉ አነስተኛ ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን በዚያ መፈለጊያ ላይ ሁልጊዜ አያወጡም። ሁለተኛው የስማችን ጉዳይ ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የአባቴ ስም ደግሞ «ወልደ» ብሎ የሚጀምር ስለ ሆነ አንዱ ጸሐፊ አንድ ቃል፣ ሌላው ሁለት ቃል አድርጎ ይጽፈዋል። «ወልደ» የመካከለኛ ስሜ፣ ቀሪው ደግሞ የቤተ ሰብ ስሜ ሆኖ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። የልደት ቀናቸው ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዛወር የተሳሳተባቸው ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። መፈለጊያው «አልተገኘም» ሲል የሚነግረን በዚያ ፊደል አጻጻፍ በዚያ መዝገብ ውስጥ አለመገኘቱን ብቻ ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በአንድ የገጠር ካውንቲ ውስጥ የካውንቲው ፍርድ ቤት አለ፤ ትንሿ ከተማም የራሷ ችሎት ሊኖራት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ፍንጩ ያስቆመው ፖሊስ የማን እንደ ነበረ ነው። የከተማ ፖሊስ ከሆነ ወደ ከተማው ችሎት፣ የሸሪፍ ወይም የስቴት ፖሊስ ከሆነ ወደ ካውንቲው ያመራል። እኔ ወረቀቱ ስለ ጠፋብኝ ለሁለቱም ሬጅስትራሮች ስልክ ደወልሁ። የከተማዋ «የለም» አለ። የካውንቲው ሬጅስትራር፣ በድምፃቸው ጠና ያሉ ሴት፣ ስሜን በሦስት ዓይነት ፊደል አስቆጥረው ሲያጡት የልደት ቀኔን ጠየቁኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «አለህ ልጄ፤ የመያዣ ትእዛዝም ወጥቶብሃል» አሉኝ። ምን ላድርግ ብላቸው የሕግ ምክር መስጠት እንደማይፈቀድላቸው፣ ዳኛው ግን በየወሩ በሁለተኛውና በአራተኛው ረቡዕ ብቻ እንደሚያስችሉ ነገሩኝ። በገጠር ካውንቲ ቀኑን ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ዳኛ በሌለበት ቀን እጁን የሰጠ ሰው ዳኛው እስኪመጣ ታስሮ ሊቆይ ይችላልና። ለሸሪፍ ቢሮ አስቀድሞ ያልደወልሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

(እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ፍለጋው የእኛ ሥራ ነው እንጂ፣ «የመያዣ ትእዛዝ አለብህ፣ አሁኑኑ በስጦታ ካርድ ክፈል» ብሎ የሚደውል ሰው ፍርድ ቤት አይደለም፤ አጭበርባሪ ነው።)

ለሦስት ዓመት ተኩል ሳልያዝ መቆየቴ ለምን ሆነ? በኤፍ ቢ አይ ሥር እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመ ብሔራዊ የወንጀል መረጃ ማእከል አለ። ይሁን እንጂ የየአካባቢው ትእዛዝ ሁሉ ወደዚያ አይገባም። ብዙው ጥቃቅን የትራፊክ ትእዛዝ በካውንቲው ወይም በስቴቱ መዝገብ ይቀራል። ስለዚህ በሌላ ስቴት ነፃ ሰው፣ በዚያች ካውንቲ ግን ተፈላጊ ነበርሁ። የነገሩን ስፋት ለመገመት ያህል፣ በ2016 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተወሰነው የዩታና የስትሪፍ ክርክር ዳኛ ሶቶማዮር በልዩነት ሐሳባቸው በመዝገቦች ውስጥ ከ7.8 ሚሊዮን በላይ ያልተፈጸሙ ትእዛዞች መኖራቸውን፣ አብዛኞቹም ለጥቃቅን ጥፋቶች የወጡ መምሰላቸውን ጽፈዋል። የፈርጉሰን ከተማም አለች፤ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው ዘገባ መሠረት 21,000 ያህል ሕዝብ ባላት በዚያች ከተማ ፍርድ ቤት፣ በታኅሣሥ ወር 2014 ትእዛዝ የወጣባቸው ሰዎች ከ16,000 በላይ ነበሩ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ የተነሣ ትእዛዝ በመዝገብ ላይ እንዳልተነሣ ሆኖ መቆየት። ለእኛ ሙያ ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። በሐምሌ 2004 በአላባማ በኮፊ ካውንቲ አንድ መርማሪ ሄሪንግ ስለ ተባለ ሰው የጎረቤቱን የዴል ካውንቲን መዝገብ አስጠየቀ። የዴል ኮምፒዩተር ባለመቅረብ ምክንያት የወጣ ትእዛዝ እንዳለ መለሰ። ሰውየው ተይዞ ሲፈተሽ ዕፅና ሽጉጥ ተገኘ። የዴል ሠራተኛ ግን ዋናውን ወረቀት በፋክስ ለመላክ ፋይሉን ብትፈልግ አጣችው፤ ትእዛዙ ከአምስት ወር በፊት ተነሥቶ ኖሯል። ስሕተቱ የታወቀው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው፤ እሱም ዘገየ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 በአምስት ለአራት ድምፅ ማስረጃው ውድቅ አይሆንም ሲል ወሰነ። የሕጉን ክርክር ለሕግ ሰዎች ልተው። እኔን የገረመኝ ሥርዓቱ ነው፦ ትእዛዙን የሚያነሣው ፍርድ ቤት ነው፤ መዝገቡን የሚይዘው ሸሪፍ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ድልድይ ብመረምር ኖሮ ለትራፊክ እንዲዘጋ እጽፍ ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። ቢሮው ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የሆነ የዚያው ከተማ ጠበቃ ያዝሁ። የትልቅ ከተማ ጠበቃ ለመቅጠር አስቤ ነበር፤ ሆኖም ዳኛውንና ዐቃቤ ሕጉን በየሁለት ሳምንቱ የሚያገኝ ሰው ይሻላል የተባልሁት እውነት ሆኖ አገኘሁት። ጠበቃው ትእዛዙ እንዲነሣና ጉዳዩ አዲስ ቀጠሮ እንዲያገኝ አቤቱታ አስገባ። የአድራሻ ለውጤን ማስረጃ አያያዝን። በእንዲህ ያለ ቀላል ጉዳይ በብዙ ቦታ ጠበቃው ያለ ደንበኛው ሊቀርብ ይችላል፤ እኔ ግን መቅረብን መረጥሁ። ዳኛው ለምን እንደ ቀረሁ ጠየቁ፤ የሆነውን ነገርኋቸው። ትእዛዙ ተነሣ፤ ያለ መቅረቡ ክስ ተተወ፤ የፍጥነቱም ክስ ዐቃቤ ሕጉ ተስማምቶ ዝቅ ባለ ጥፋት ተተካ። መቀጮና የፍርድ ቤት ወጪ ከፍዬ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ወጣሁ።

ልሂድና ዝም ብዬ ልክፈል ማለት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መክፈል ብዙ ጊዜ ጥፋትን ማመን ነው። መኖሪያ ፈቃዱ ገና ያልጸና አባል፣ በተለይም ክሱ ከትራፊክ የከበደ ከሆነ፣ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያማክር አንዳች ነገር ማመን የለበትም። በ2010 የተወሰነው የፓዲያ ጉዳይ ጠበቃ ይህን መዘዝ ለደንበኛው መንገር እንዳለበት ደንግጓል። መቀጮ መክፈል አቅቶት ትእዛዝ የወጣበት ዘመድ ያላችሁም፣ በ1983 በቤርደን ጉዳይ እንደ ተወሰነው ዳኛ ሰውየው ለምን እንዳልከፈለ ሳይጠይቅ ሊያስረው እንደማይችል ንገሩት።

ከችሎት ስወጣ ትእዛዙ የተነሣበትን ውሳኔ በማኅተም የተረጋገጠ ሁለት ቅጂ ወሰድሁ፤ አንዱ መኪናዬ ውስጥ አለ። የመንጃ ፈቃዱ መዝገብ ከፍርድ ቤቱ የተለየ ስለ ሆነ ለዚያ ብቻውን ደብዳቤ መጻፍና ማስመለሻ መክፈል ነበረብኝ። የፈቃድ ማመልከቻዬንም የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሬ፣ ቅጂውን አያይዤ ላክሁ፤ ፈቃዱም ተሰጠኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የዴል ካውንቲ ታሪክ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ጠበቃው ለሸሪፉ ቢሮ እንዲደውል ለመንሁት። ትእዛዙ አሁንም በኮምፒዩተሩ ላይ ነበር። ውሳኔው ከፍርድ ቤቱ ወደ ሸሪፉ ሳይላክ በሬጅስትራሯ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ኖሯል። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቀው ደረጃውን ወርደው በእጃቸው አደረሱት፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ ስሜ ተፋቀ። በበነጋው እንደ ገና አስደወልሁ።