የደብሩ ግድግዳ ስንት ዘመን ይኖራል?





ደብሩ ዛሬ የሚቀደስበት ቤት ቀድሞ ለሌላ ቤተ እምነት የተሠራ፣ ኋላ በስእለትና በመባ በተሰበሰበ ገንዘብ የተገዛ የጡብ ሕንፃ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ጡቦች ፊታቸው እየተቀረፈ መውደቅ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፤ ውኃ በማያሳልፍ ቀለም መቀባት ወይም በፕላስቲክ ልባስ መሸፈን። ሻጮቹ ለሁለቱም የረጅም ዘመን ዋስትና ይሰጣሉ።

ዋስትና ግን የሻጭ ውል እንጂ የግድግዳ ዕድሜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 መውጣት የጀመረው አይኤስኦ 15686 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ዕድሜን የሚገምተው በሌላ መንገድ ነው። አንድ መነሻ ዕድሜ ይወሰድና በሰባት ነገሮች ይባዛል፤ በዕቃው ጥራት፣ በንድፉ፣ በሠራተኛው እጅ፣ በቤቱ ውስጥ አየር፣ በውጩ አየር፣ በአጠቃቀሙና በጥገናው። ከተለመደው የማይለይ 1 ይሰጠዋል፤ የከፋው ለምሳሌ 0.8፣ የተሻለው 1.2። መነሻው 50 ዓመት የሆነ ልባስ ዝናብ በሚበረታበት ግድግዳ ላይ በቸልተኛ እጅ ቢሠራ፣ ሁለት ጊዜ በ0.8 ተባዝቶ 32 ዓመት ይቀረዋል። በደንብ ቢጠገን ወደ 38 ያድጋል። ስሌቱ ግምት ነው፤ ነገር ግን የትኛው ነገር በባለቤቱ እጅ እንዳለ ያሳያል።

የውጩ አየር ምን ያህል እንደሚከብድ ላስታ ምስክር ናት። በእንጨትና በድንጋይ ድርድር የተሠራው፣ በነጭ ልስን የተዋበው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ከዝናብ ስለጋረደው ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት የላልይበላ አብያተ ክርስቲያናት ግን ለሰማይ የተጋለጡ በመሆናቸው አንዳንዶቹ ሰው ሠራሽ መጠለያ አስፈልጓቸዋል።

ወደ ደብሩ ግድግዳ እንመለስ። በደንብ የተተኮሰ ጡብ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል፤ በመስኮት ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ግን ብዙውን ጊዜ 20 ዓመት አይሞላም። ቀድሞ የሚደክመው መጋጠሚያው ነው። የጥንቱ ለስላሳ ጡብ የተያያዘው በኖራ ነበር፤ ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል። በኋላ ዘመን መጋጠሚያው በጠንካራ ሲሚንቶ ተሞላ። መውጫ ያጣው እርጥበት በጡቡ በኩል መውጣት ግድ ሆነበት፤ በክረምት ሲረጋም መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥላል። ውኃ የማያሳልፈው ቀለም ይህንኑ እርጥበት ይዘጋበታል፤ የፕላስቲኩ ልባስ ደግሞ ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል። ምእመናን ለሁለቱም ገንዘብ ባያዋጡ ይሻላል።

የሚቀድመው ሲሚንቶውን በጥንቃቄ አውጥቶ በኖራ መሙላት ነው፤ ለዚህ የአሮጌ ጡብ ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የምዕራቡ አሸንዳ ግን በቅጠል ተደፍኖ ውኃውን በዚያው ግድግዳ ላይ ያፈሳል። እርሱን ለመጥረግ ረጅም መሰላልና የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።